አባባ የሠሩልን የቤት ሥራ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት... አቧራው ከተማችንን ቤር ሼቫን ሸፍኗት፣ ፀሐይዋ ከወተት ጀርባ የተሰቀለች መስላ ነበር። ጋዲና እኔ አውቶቡስ ላይ ነን። ወደ ሽኩና ዳሌት ሰፈር፣ ወደ አያቴ ወደ አባባ ቤት።

የምንሄደው ለቤት ሥራ ነው። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነን። ዓለም አቀፍ ጥናት እንማራለን... ሰውና ዕቃ፣ ወሬም ጭምር፣ ድንበር እንዴት እንደሚሻገር። መምህራችን «ከማታውቁት ሰው ጋር ተጣመሩ፤ ሁለታችሁን የሚያገናኘውን የሰው ሰንሰለት ፈልጋችሁ ሳሉት» ብላናለች። ሌሎቹ በጦር ሠራዊት ጓደኛ፣ በአክስት ጎረቤት ተገናኝተው ጨርሰዋል።

እኔ ጋዲን መረጥኩ። እሱ ያደገው ኔታንያ ነው፣ እኔ እዚህ። ስለዚህ አንተዋወቅም ማለት ይቻላል። ሴሚስተሩ ከተጀመረ ወዲህ ከጎኑ ወንበር እንደሚይዝልኝ፣ እሱ የቀረ ቀን ትምህርቱ እንደማይገባኝ፣ ለመምህራችን አልነገርኳትም። ለራሴም ገና አልነገርኩትም ነበር።

«አያቴ ሰውን ሁሉ ያውቃሉ። የሞተውንም ጭምር» አልኩት።

«እኔም እኮ አባቶቼን እስከ ዘጠኝ እቆጥራለሁ! አባቴ እንደ ዘፈን ነው ያስጠናኝ» አለና የአውቶቡሱን መስኮት በጣቱ እየመታ ጀመረ። «ታከለ፣ ፈረደ፣ ወርቁ፣ ሲሳይ፣ እንግዳ፣ ብሩ...» ከዚያ በላይ ያሉትን አልሰማሁም። ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው።

አባባ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን እያዩ አገኘናቸው። ምን እንደምንማር ነገርናቸው።

«ዓለምን ነው የምትማሩት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አለ ጋዲ።

«እና ስትጨርሱ የት ሊቀጥሯችሁ ነው?»

ሳቅን። እኔ የቴፕ መቅረጫውን ከፈትኩና «አባባ፣ እኔንና ጋዲን የሚያገናኝ ሰው ካለ ይቁጠሩልን» አልኩ።

አባባ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ጋዲን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ አዩት። ከዚያ እኔን።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ሳይጠይቅ በሚጋባበት ዘመን... አንቺ አስቀድመሽ አመጣሽው።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘመድ ይቆጠራል። ዝምድናው ሰባት ትውልድ ካልራቀ ጋብቻ የለም፤ እኅትና ወንድም ናቸው። ሴት ልጅ ወንድ ይዛ መጥታ «ይቁጠሩልን» ካለች፣ ለአባባ ሌላ ትርጉም የለውም።

አይ አባባ፣ ለትምህርት ነው... ልል ነበር። አላልኩም። ጋዲም አላለም። እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ወለሉን ያያል።

አባባ ከእኔ ጀመሩ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። አባቴ ሙላት። እሳቸው ራሳቸው፣ ተሰማ። አድማሱ፣ ጀምበሬ፣ ክንፉ... ስድስተኛው ላይ «ብሩ» አሉ።

የጋዲ እስክሪብቶ ቆመ።

አቧራው ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ነገር ሁሉ ራቀብኝ። ብሩ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ፣ አልኩ በልቤ። ስንት ብሩ አለ... ስንትና ስንት ብሩ።

«አንተስ፣ ልጄ?»

«ታከለ» አለ ጋዲ። «ፈረደ። ወርቁ። ሲሳይ።» አሁን ዘፈን አልነበረም። እያንዳንዱን ስም እንደሚሰበር ብርጭቆ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። «እንግዳ።»

«ከዚያስ?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ከዚያ በላይ... አላውቅም፣ አባባ።»

ቴፑ ይዞራል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የሆነ ቦታ፣ ከፍ ብዬ፣ ምንም ክብደት ሳይኖረኝ... ስለ እኔ ሲል አባቶቹን የረሳ ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። ከዚህ የበለጠ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም።

አባባ ፈገግ አሉ። «አይዞህ፣ ስደት ስንቱን አስረስቶናል። እንግዳን እኔ አውቀዋለሁ። ቀጥቃጩ፣ የወገራው አይደለም?»

ጋዲ የሚዋሽበት አቅም አንዴ ብቻ ነበረው መሰለኝ። «ነው» አለ።

«የብሩ ልጅ ነዋ! የክንፉ ወንድም!» አባባ ስድስት የታጠፉ ጣቶቻቸውን አዩ፤ ከዚያ ረሷቸው። ተነሥተው ጋዲን አቀፉት። ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት፤ አለቀሱ። «የእንግዳ ዘር ወደዚህ ሲሰደድ በሱዳን መንገድ አለቀ ብለውን ነበር እኮ! ተርፋችኋል? አባትህ አለ? ተርፋችኋል?» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትቆሚያለሽ አንቺ፣ ነይ ሳሚው እንጂ! ወንድምሽ ነው!»

ሳምኩት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ስስመው የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንመለስ ፌርማታው ላይ ማንም አልነበረም። መንገዱ ማዶ ያሉት ሕንፃዎች እንኳ በአቧራው ውስጥ በግማሽ ጠፍተዋል።

«ለምን አላውቅም አልክ?»

«ረሳሁት።»

«አውቶቡስ ላይ እስከ ዘጠኝ ቆጥረህልኛል።»

«አውቶቡስ ላይ መርሳት አላስፈለገኝም ነበር» አለ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድሞኝ ገባ። በሁለተኛው ረድፍ ወንበር ይዞልኝ፣ ቦርሳውን ግን በመካከላችን አስቀመጠው።

ትናንት ሰንሰለቱን ሰሌዳው ላይ ሳልነው፤ በግራና በቀኝ የሚወርዱ ስሞች፣ ከላይ ብሩ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። «ዓለም እንዴት ትንሽ ናት!» አለች መምህራችን፤ መቶ ሰጠችን።

ለእኔ ግን በአንድ ሰው ጠበበችኝ... ከብዙ ዘመን በፊት፣ ወገራ ላይ፣ በብሩና በእኛ መካከል ሰባተኛ ሆኖ ሳይወለድ በቀረ በአንድ ሰው።