ሳውሳን ቧንቧ አትወድም

ከኾሮግ ከተማ ገበያ በታች፣ ጉንት ወንዝ ዳር ከተደረደሩት አሥራ አንድ ጋራዦች አንዱ የሳውሳን ነው። ሙያውንም ቦታውንም ከአባቷ ወረሰች። የሰፈሩ አለቃ ቁርባንማማድ ቦታውን ለእህታቸው ልጅ ከተመኙት ሰባት ዓመት አለፋቸው። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ለማን እንደማደላ አልደብቅም።

ሳውሳን የመፍቻዋን እጀታ ራሷ በመጋዝ አሳጥራዋለች፣ ብሎን ከልኩ በላይ እንዳይጠብቅ። የእኛ ሰዎች ግን መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ፣ በጠበቀ ቁጥር ነፍስ የሚተርፍ ይመስላቸዋል፤ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክተው በእግራቸው ይቆሙበታል። ሲበዛ ማርም ይመራል፤ ይህን ለሹፌር ማን ይንገረው?

አዛትሾ የሚባል እኔ ነኝ ያለ ሹፌር፣ እሷ የሞተር ዘይት በቀየረችለት ማግስት፣ «የሴት እጅ መች ያጠብቃል» ብሎ ቤቱ ቧንቧውን ሰክቶ ቆመበት። የዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ የብሎን ጥርስ ተበላ፤ ዘይቱ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። መኪናውን አስጎትቶ መጣ።

«መኪናዬን ገደልሽው!»

«ቧንቧህን የት ጣልከው?» አለችው።

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ቁርባንማማድ ቀደሙት። «ሥሪውና ተራራውን አቋርጦ ሙርጋብ ደርሶ ይመለስ። አንዲት የዘይት ጠብታ ጠብ ካለች ጋራዡን ትለቂያለሽ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ደሜ ፈላ።

«እሺ አባባ» አለች። «ሲመለስ ግን የሚያዩት እርስዎ ነዎት። ወሬ አልቀበልም።»

መኪናው ስር ገባች። ከተበላው ቀዳዳ ሰፋ ያለ፣ አዲስ የብሎን ጥርስ የሚቀርጽ ብረት፣ የብረቱ ብናኝ እንዲጣበቅበት ግራሶ ቀብታ አስገባች። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፣ አሁንም ግማሽ። ከዚያ የቀረውን ብናኝ በንጹህ ዘይት አጠበችው። ከብሎኑ ስር የሚገባውን የመዳብ ቀለበት እንዲለሰልስ በእሳት አቅልታ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ለሰፋው ቀዳዳ የሚሆነውን ወፍራም ብሎን በአጭሩ መፍቻ፣ በእጅ አንጓዋ ብቻ አሰረችው።

አዛትሾ ቧንቧውን አቀበላት። «ትንሽ ጨምሪበት፣ በልጆችሽ!»

ተቀበለችውና ወንዙ ውስጥ ወረወረችው። ሞተሩን አዲስ ዘይት ሞላች። «አሁን ሂድ!»

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ቁርባንማማድ ከሠርግ ቤት በነጭ ሸሚዝ መጥተው ነበር። አዛትሾን አንድ ሁለት ነገር ጠየቁትና «ደህና ነው አሉ» ብለው ሊሄዱ ዞር አሉ።

«አሉ አይደለም፣ አባባ። ገብተው ይዩ።»

«በዚህ ልብስ?»

«እኔ በየቀኑ የምተኛው የት መሰለዎት?»

ሽማግሌው ዘይት በጠጣው አፈር ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ገቡ። ብሎኑን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ደግመውም ዳሰሱት። ጣታቸው ላይ የሙርጋብ አቧራ እንጂ ሌላ አልነበረም።

«ደረቅ ነው» አሉ በለሆሳስ።

«ለሁሉም ይሰማ።»

«ደረቅ ነው!»

«ተባረኩ» አለች ሳውሳን። «በሉ እንግዲህ ይነሱልኝ፣ ሥራ አስፈቱኝ።»