«ገላና» ያልኩት ባሕር

እኔ ሰው አላምንም። ሬዲዮማ ጭራሽ! ነገሌ ቦረና አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ይዤው የሄድኩት ሬዲዮ ግን ደጃፌን መሰብሰቢያ አደረገው። ወተት የሚሸጡልኝ እናት ባል፣ የቦረና ሽማግሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ያዳምጡ ነበር። አማርኛው ሲከብዳቸው አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በዚያች ከመጽሐፍ በለቀምኳት ኦሮምኛዬ እንዴት እኩራራ ነበር!

ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ሽማግሌው ከብቶቻቸውን ወደ ዳዋ ወንዝ ሊያወርዱ ተሰናድተው ሊሰናበቱኝ መጡ። ሬዲዮው ስለ ባሕር ሕግ ድርድር ይለፈልፋል፤ የማን ውሃ እስከ የት ነው፣ ማን ያልፋል፣ ማን ዓሣ ያጠምዳል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«መንግሥታት በገላና ላይ እየተደራደሩ ነው። ሊካፈሉት ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ቆፈረው?»

«ማንም አልቆፈረውም፤ የእግዜር ነው።»

«ታዲያ በምን አፋቸው ይካፈሉታል? የጉድጓድ ውሃ እንኳ የቆፈረው አባት አለው። ሌላው ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ ነው ተራ የሚያገኝ። የኛ ሰው እዚያ ተቀምጧል?»

«የመንግሥታችን መልእክተኛ አለ።»

«እኔን ሳይጠይቅ?»

እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ «እውነትዎን ነው፤ እነሱ ተካፍለው ሲጨርሱ ነው እኛ የምንሰማው» ብዬ ጨመርኩበት። እንደኔ የሚጠረጥር ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ ሚስትየው ባዶ እጃቸውን መጡ። «ዳዋ ሊዘጋ ነው ብሎ ከብቱን ወደ ሩቅ ጉድጓድ ነዳ» አሉኝ። «እዚያ ተራ የለውም። ከባለ ጉድጓዶቹ ጋር ሲደራደር ከብቱ በጥም አለቀ።»

«ዳዋ ይዘጋል ያላቸው ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ!»

«ኧረ እኔ ገላና ነው ያልኩት!»

«ዳዋ ገላና አይደለም እንዴ?»

ክው አልኩ። መጽሐፉ ገላና ባሕር ነው ይላል። እነሱ ግን የማይደርቀውን ወንዝ ሁሉ ገላና ይሉታል። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ወደ ቤታቸው ሮጬ ሄድኩ። ሽማግሌው ተመልሰው ከተረፉት አራት ላሞች አጠገብ ተቀምጠዋል። ስለ ባሕር፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ጨው ውሃ፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ከብት አይጠጣውም?»

«አይጠጣውም።»

«ሰውስ?»

«ሰውም።»

«ያ ሁሉ መንግሥት ቁጭ ብሎ የሚደራደረው በማይጠጣ ውሃ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ተሳሳትኩ ብለህ ዝም ብትል ይቅር እልህ ነበር። አሁን ግን ዋሸኸኝ።»

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳገኛቸው «አካም» ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። «ናጋ» ብለው መልሰውልኝ አያውቁም።