የአባቴ ግራ ቅንድብ

ልጄ ሊያ ሰሞኑን እዚህ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ ያለውን ቤታችንን ትምህርት ቤት አድርጋዋለች። መስታወት ፊት ቆማ ግንባሯን ታጨማድዳለች፣ ምላሷን ታወጣለች። አሥራ ሁለቱን ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች የምትሸመድደው እንዲህ ነው። ትናንት ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ላይ ደርሳ ቅንድቧን ስታነሣ አባቴ ትዝ አሉኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሕክምና እማር ነበር። ቴንስታ ካለው የወላጆቼ ቤት ወጥቼ ሶልና የተማሪዎች መኖሪያ ስገባ አባቴ ክፉኛ ተቀየሙኝ። ሳታገባ ከቤት የወጣች ልጅ ለእሳቸው ያው የኮበለለች ናት። እኔም ግትር ነበርኩና ሁለት ወር ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እናቴ ደወለች። አባቴን ነፋስ መትቷቸው አፋቸው ተጣሟል፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል። በመጀመሪያው ባቡር ተሳፈርኩ። ከአንጎል ቢሆንስ? እንደተኳረፍን ቢሞቱብኝስ?

ስደርስ እናቴ ጉንጫቸውን በሞቀ ቅቤ ታሻለች፤ የረሳችው ሽሮ ምድጃው ላይ አርሯል። በክፍል የተማርኩት መጣልኝ። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ስለሚቀበል፣ ሕመሙ ከአንጎል ሲሆን ብዙውን ጊዜ አፍ ቢጣመምም ቅንድብ ይነሣል። ከአንጎል ግንድ የሚወጣው ሰባተኛው ነርቭ ራሱ ሲታመም ግን ቅንድብም አብሮ ይዝላል። የዛለ ቅንድብ ባይ ደስታዬ ነበር።

ቅንድብዎን ያንሡ ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኩርፊያው አልበረደም። ግን የእኛ ሰው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ቅንድቡን ያነሣ የለም? አዎ የሚያሰኝ ጥያቄ ፈለግሁ። የመጣልኝ ግን መልሱን የማላውቀው ነበር።

«አባባ፣ ይቅር ብለውኛል?»

ዞረው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው «እ» አሉ። ቀኝ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ግራው ንቅንቅ አላለም።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ያለቀላቸው መስሏት አብራኝ አለቀሰች። አባቴ በተጣመመ አፋቸው «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላሉ። ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ሐኪሟም ነርቩ ነው አለች። በጋው ሳይገባ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ለሊያ ነገርኳት። ወትሮ በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ መጽሐፏን አጠፈችና በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አለችኝ።

«እማዬ፣ ሶልና መኖሪያ ክፍል አገኘሁ። ልሂድ?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ ቅንድቤን አነሣሁላት፤ ሁለቱንም።