መርዶ በሞሮኳዊቷ ቤት

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ ለንደን ስገባ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖርኩት ሃርልስደን ውስጥ፣ የአንዲት ሞሮኳዊት እንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ጠዋት ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዜና እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ እቀባለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ የእንግዶችን ቡኪንግ ቼክ አደርጋለሁ።

ባለቤቲቱን ሁላችንም ሐጃ እንላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ነው የሚያስተዳድሩት። ከውጭ ሲታይ እንደ ጎረቤቶቹ ያለ የቀይ ጡብ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት ግን ሌላ አገር ይገባል። ኮሪደሩ እስከ ወገብ ድረስ በትንንሽ ሰማያዊና አረንጓዴ ሸክላ ተለብጧል። ከጣሪያው የሚወርዱት የተበሳሱ የነሐስ ፋኖሶች ሲበሩ ግድግዳው በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላል። ሐጃ ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት ሳሎኑን ነበር። ሶፋው እንደ አገራቸው ወግ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ሳይቆራረጥ ይዞራል። አንድ ዓመት የሶፋውን ልብስና ትራሶቹን በሙሉ በጥቁር ቀይ ጨርቅ ሊያስለውጡ ወሰኑ።

ስፌቱ የአገሬ ልጅ ለሆነች ሴት ተሰጠ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። አዲስ አበባ ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እዚህ ደግሞ ጠዋት አንሶላ ትቀይራለች፣ ለቁርስ የሚቀርበውን ቅባት የበዛበት ቂጣ ከሐጃ ጋር ትጋግራለች። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋን ሳሎኑ ጥግ ላይ ትዘረጋለች። ብዙም ባልበልጣትም ጋሼ ነው የምትለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሶፋ ሐበሻ ካገኘው እኮ ጉድ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም» ትለኛለች፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ።

«አንቺ ስፌቱን ጨርሺና እኔ ልሞክረው።»

«አንተማ ቀለሙን ትቀባበታለህ። እናቴ ብታየው ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለመቀመጫ ነው? ብላ ትቆጣለች።»

እናቷን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን አልነበረም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልላታለች። ሄዳ ልታያት ግን አትችልም ነበር። የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ብዙ አገር መሄድ ይችላል፤ ሸሽቶ ወደ መጣበት አገር ግን አይመለስም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዜና ስጽፍ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እናታቸው ትናንት ማታ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ነው። «በስልክ እንዳትሰማ አደራ» አለኝ። «ሰው ሰብስባችሁ አርዱልን።»

ወዲያው ከከተማው ማዶ ስትሪትሃም ለሚኖሩት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ደወልኩ። ሰዉ ሁሉ ፈረቃ ላይ ስለሆነ ከቅዳሜ ማለዳ በፊት እንደማይገኝ ነገሩኝ። ከእሁድ ማለፍ ግን አይቻልም፤ እሁድ ትደውላለች። ቅዳሜ እንዲሆን ተስማማን። እኔ የሰማሁትን አጣርቼ ቶሎ በመናገር የምተዳደር ሰው ነኝ። መርዶ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉንም አውቀዋለሁ።

ለቀስተኛ የሚይዝ ቦታ ሳሎኑ ብቻ ስለሆነ ለሐጃ መንገር ነበረብኝ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው።

«አሁን ንገራት» አሉ። «እኛ አገር በሰዓቱ ይነገራል። እዚያ ማዶ እየሳቀች እኮ ነው። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ሄዳ አትቀብራት፣ ሐጃ። ብቻዋን ከምትሰማ ሰው ደግፏት ትስማ ነው የሚሉት።»

«እስከዚያ ድረስ ዓይኗን እንዴት አድርጌ ልየው?»

ሐጃ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሡ። «እሺ፣ ልማዳችሁ ነው። የቅዳሜን እንግዶች ሌላ ቤት እልካቸዋለሁ። ግን በቀይ ክፍል ውስጥ አታረዷትም።»

በማግሥቱ ነጭ ጣቃ አስመጡ። በሞሮኮ ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ እንደምትለብስ አውቃለሁ፤ ሐጃም ባላቸው ሲሞቱ ነጭ ለብሰው ከርመዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን ይህን አታውቅም። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ የጣሪያውን ጠርዝ እቀባ ነበር።

«ሐጃ፣ ምን ነካዎት? ቀዩን እኮ ከግማሽ በላይ ሰፍቼዋለሁ!»

«ሐሳቤን ለወጥኩ። ለቅዳሜ ይድረስልኝ።»

ጨርቁን ዳሰሰችው፣ በብርሃኑም አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ በአማርኛ፣ «ሙሽራ ሊያስገቡ ነው መሰለኝ፤ ሠርግ ቤት አስመሰሉት» አለችና ሳቀች። ሐጃ ቋንቋውን ባይሰሙም ሳቋን ሰሙ። ፊታቸውን አዙረው ወጡ። እኔ መቀባቴን ቀጠልኩ።

በእነዚያ ቀናት ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ወደ አገር ቤት ደጋግሜ ደወልኩ። ወንድሟን፣ ጎረቤታቸውን፣ ቀብር የሄደ አንድ ዘመድ ጠየቅሁ። የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር አመሳከርኩ። የተለያዩበትን መልሼ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ ማለዳ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ዳቦ አምጪው መስሏት ነበር። ደጃፉ ላይ ሽማግሌው፣ ከኋላቸው ነጠላ የደረቡ ሴቶች ቆመዋል። እሷም በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

«እናቴ ናት?» አለች።

ሽማግሌው ትከሻዋን ያዙ። «ልጄ፣ ግቢና እንቀመጥ።»

ስለ ልቅሶው አልጽፍም። ሲበርድ፣ ነጩ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰሞኑን ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ቀኑን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ ንገረኝ።»

«ማክሰኞ ማታ። ረቡዕ ተቀበሩ።»

የተቀመጠችበትን ጨርቅ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። በሩ ሥር የቆሙትን ሐጃን ቀና ብላ አየቻቸውና በእንግሊዝኛ፣ «አውቀው ነው ነጩን የሰጡኝ?» አለቻቸው።

«አውቄ ነው። ቀዩ ላይ ላስቀምጥሽ አልቻልኩም።»

ሐጃ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ይቅር ትበላቸው አትበላቸው ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። እጇን ሲይዙት ግን አልነጠቀቻቸውም።

«ማን ነበር አብሯት?»

የማውቀውን በቅደም ተከተሉ ነገርኳት። አመሻሽ ላይ ደረታቸውን እንደከበዳቸው፣ ወንድሟ መኪና ሊፈልግ እንደወጣ፣ ጎረቤታቸው ራሳቸውን በጉልበቷ ደግፋ ውሃ እንዳጠጣቻቸው፣ መኪናው ሳይደርስ እንዳረፉ፣ ዓይናቸውን የከደነችው ያቺው ጎረቤት እንደሆነች፣ ቀብሩ ላይ ዝናብ እንደነበር፣ መቃብሩም ከአባቷ ጎን መሆኑን።

«ስሜን ጠርታለች?»

ይህን ጎረቤቲቱን ጠይቄያት ነበር። አላስታውስም ነበር ያለችኝ።

«እሱን አላውቅም» አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ ተቆጣችኝ። «አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ጠርታሻለች እንጂ፣ እህቴ! እናት አይደለችም እንዴ?» ሽማግሌውም አጉረመረሙ።

ሐዘንተኛዋ ግን የተቆጣችኝን ሴት አላየቻትም፤ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ነጠላ ሰጥተዋት ነበር፤ በጫፉ ፊቷን ጠረገች።

«ዝናብ ነበር ያልከው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ዓይኗን የከደነቻትም?»

«እሱም እውነት ነው።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አለች።

ደረታቸውን ከከበዳቸው ሰዓት ጀምሬ እንደገና ነገርኳት።