እትዬ ብርቄ አንድ ዓይናቸውን ያልከፈቱበት ዓርብ

በኩዌት ለምንኖር ወገኖች ሁሉ፣ ይልቁንም ዓርብ ዓርብ ልጆቻችንን ለእትዬ ብርቄ አስረክበን በሰላም ስንዘምር ለኖርን ወላጆች፦ እትዬ ብርቄ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን አብዛኞቻችን የሰማነው በስልክ ነው። ከቤት መውጣት በተከለከለበት በዚያ ሰሞን፣ እንደ ጸሎቱና እንደ ሰላምታው ሁሉ መርዶም በስልክ ይመጣ ነበር። ተሰብስበን አላለቀስንላቸውም፤ ቆመን እንድንሸኛቸውም አልተፈቀደልንም። ዛሬ ክልከላው ላልቶ እንደገና አንድ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ በቅተናል። የመጨረሻዋን ዓርባቸውን ያየነው እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሶስና ስለሆንን፣ የሆነውን የመናገር ዕዳ የእኛ ነው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ለማያውቋቸው ልንገር። እትዬ ብርቄ ሩማይሲያ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ማዳም ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። አገር ቤት በልጅነታቸው ስካውት ነበሩ። እዚህም በኅብረታችን ውስጥ ፊደል ገና ያልጨረሱትን ልጆች ሰብስበው፣ አረንጓዴ ሻርፕ አንገታቸው ላይ አስረው፣ «ትንንሾቹ ስካውቶች» አሏቸው። የጫማውን ክር ራሱ ያሰረ ባጅ አለው። ያበቀላትን ባቄላ ሳትደርቅ ያቆየም አለው። ባጆቹን የሚሠሯቸው ከማዳማቸው ያረጀ ጥቁር ቀሚስ፣ ከአባያው፣ ጨርቅ እየቆረጡ፣ በቀለም ክር ጫማውን፣ ቅጠሉን እየጠለፉበት ነበር።

ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። ልጁ ሥራውን በዓይናቸው ፊት ይሠራል፤ እርሳቸው ጮክ ብለው «አይቻለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ልጁ ራሱ መርፌ ይዞ ባጁን ሻርፑ ላይ ይሰፋል። እናት አትነካም። አንድ ጊዜ የሶስናን ስፌት ላቃና ብሞክር እጄን መቱኝ። «ፅጌ፣ ያንቺ ስፌት ያምራል፤ ግን ያንቺ ነው። የእሷ ጠማማው ነው» አሉኝ።

ከባጆች ሁሉ የከበደው የመጀመሪያ ርዳታው ነበር። ፈተናው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ልጆቹ ብስኩት እየበሉ ሳለ እትዬ ብርቄ «ወይኔ!» ይሉና ምንጣፉ ላይ ይዘረጋሉ። አንዴማ በጸሎት መካከል ቢወድቁ፣ ጉባኤው ተደናግጦ ከበባቸው፤ ውኃ የሚያመጣ፣ የሚያራግብ፣ የሚጸልይ ሆነ። እርሳቸው አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጥ አድርገው «እናንተ ዞር በሉ! ልጆቹ የት አሉ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ግን ነጠላችንን አፋችን ላይ ይዘን ሳቅን።

ልጆቹ የሚሠሩት ይህ ነበር። አንደኛ፣ አለመጮህ። ሁለተኛ፣ የወደቀውን ሰው በስሙ መጥራት። ሦስተኛ፣ ደውሎ የት እንዳለ መናገር። አራተኛ፣ በር የሚከፍት ሰው መፈለግ። ስልኩ አንድ ቁራጭ የልብስ ሳሙና ነበር። ሁሌም ታማሚዋ እርሳቸው ስለሆኑ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው አድራሻ ሌላ የእርሳቸውንም፣ ሩማይሲያ ብለው ከነመንደሩ፣ ከነመንገዱ፣ ከነቤቱ ቁጥር በዐረብኛ እንደ መዝሙር በቃላቸው ይወጡት ነበር። «እያሾፉ ቢሆንስ?» ብሎ አንዱ ቢጠይቃቸው እንዲህ አሉት፦ «የወደቀ ሁሉ የእውነት ወድቋል። ትቶ ከመጸጸት፣ ደውሎ ማፈር ይሻላል።»

የኔ ልጅ ይህን ባጅ አላገኘችም። እትዬ ብርቄ ሲወድቁ ከት ብላ ሳቀችና ፈተናውን ወደቀች። ጓደኞቿ ሁሉ ሲሰፉ የእሷ ሻርፕ ላይ ቦታው ባዶ ቀረ። ቤት ስንመለስ ማልቀሷ አልቆም ቢል፣ በሚቀጥለው ዓርብ ሄጄ «እትዬ፣ ልጅ አይደለች? ስጧትና ትረፍ» አልኳቸው። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና «ብሰጣትስ? ክፉ ቀን የመጣ እንደሆነ ባጁ ስልክ ይደውልላታል?» አሉኝ። አኮረፍኩ። ሶስና አጠገቤ ቆማ ሰምታን ኖሮ «እትዬ፣ ደውለንም ባይድኑስ?» አለቻቸው። ጎንበስ ብለው ሻርፗን አስተካከሉላትና «ማዳን የጌታ ነው፣ የኔ ልጅ። ያንቺ ስልኩ ነው» አሏት።

ከዚያ በሽታው ገባ። አዳራሹ ተዘጋ። እኔ የማጸዳው ሻርቅ ሰፈር ያለው ሕንፃ፣ ባለቤቴ መኪና የሚነዳለት ራይ ሰፈር ያለው መጋዘን፣ ሁሉም ተዘጋና ሦስታችን አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠን ቀረን። እትዬ ብርቄ ግን ልጆቹን አልተዉም። ዓርብ ከሰዓት፣ ማዳማቸው ጋደም ስትል፣ ጣሪያ ላይ ወዳለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይወጡና ስልካቸውን ሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፈው ተራ በተራ ይደውላሉ። የማዳም ልጆች ውጭ አገር እንዳሉ በረራ ተዘግቶባቸው ስለነበር፣ በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ማዳም ታመመች፤ እትዬ ብርቄ አስታመሟት፤ ዳነች። ይህን ሲነግሩን እየሳሉ ነበር። «ጉንፋን ነው» አሉ። እኛም ጉንፋን ነው አልን።

በዚያች ዓርብ ሲደውሉ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ዛሬ ሰላምታ ብቻ ነው፣ ሶስናዬ» አሉ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣም። ከዚያ ስልኩ ዞረና የማጠቢያው ማሽን ታየን፤ ወለሉ ታየን፤ መዳፏ ወደ ላይ የሆነች እጅ ታየችን። ከፊታቸው የሚታየን ግማሹ ብቻ ነበር።

ሶስና ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። «ማሚ፣ ፈተናው ነው!» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔም ፈገግ አልኩ። «በርቺ፣ እንዳትስቂ» አልኳትና ወደምለቅመው ምስር ተመለስኩ። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነበር።

ልጄ አልሳቀችም። አልጮኸችም። «እትዬ ብርቄ! እትዬ ብርቄ፣ ይሰሙኛል?» አለች። ጠበቀች። ደግማ ጠራች። ከስልኩ የሚመጣው ድምፅ፣ ውኃ ሊያልቅበት እንደ ደረሰ ቧንቧ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ሳሙና ለማምጣት ትሄዳለች ስል፣ የአባቷን ስልክ ከጠረጴዛው አንስታ ቁጥር መጫን ጀመረች።

ዘልዬ እጇን ያዝኩ። «ኧረ የእውነት እንዳትደውዪ! በዚህ ቀን ለጨዋታ ጠሩን ብለው መከራችንን ያበሉናል!»

«ማሚ ልቀቂኝ!»

«ሶስና፣ ፈተና ነው እኮ!»

«የወደቀ ሁሉ የእውነት ወድቋል ብለዋል!»

ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን ወደ ሌላኛው ስልክ አየን። አንድ ዓይናቸው ይታየናል። እስኪከፈት ጠበቅን። ሁልጊዜ ይከፈታላ! «ልጆቹ የት አሉ?» እስኪሉ ጠበቅኩ፤ በልቤም ለመንኳቸው። ዓይናቸው አልተከፈተም። እጄን ከልጄ እጅ ላይ አነሳሁ።

«ኢስዓፍ» አለች ሶስና፣ አምቡላንስ ማለቷ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ «ወይን?» አላት፣ የት እንደሆነ ሲጠይቃት። ሩማይሲያ ብላ ጀምራ መንደሩን፣ መንገዱን፣ ቤቱን ሳትተነፍስ ወጣችው። ሰውየው ትልቅ ሰው እንድታገናኘው ጠየቀ፤ ባለቤቴ ተቀብሎ የቀረውን ነገረው። እየመጡ ነው አለ። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሶስና ግን አልተቀመጠችም።

«በሩስ? በሩን ማን ይከፍትላቸዋል?» አለች።

የማዳምን ቁጥር ማናችንም አናውቅም። አሮጊቷ ታች ፎቅ ተኝታለች፤ ጆሮዋም ደከም ያለ ነው። ያኔ ልጄ የመጀመሪያውን ሕግ አፈረሰችው። እትዬ ብርቄ ወደሚታዩበት ስልክ አፏን አስጠግታ «ማዳም!» ብላ ጮኸች። እኔም ጮህኩ፤ ባለቤቴም ጮኸ። ሦስታችን ከእኛ ሰፈር ሆነን፣ ሩማይሲያ ጣሪያ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ «ማዳም! ያ ማዳም!» እያልን አሮጊት ከእንቅልፍ ልንቀሰቅስ ታገልን። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበብን። ማንም አልመጣም። ትንፋሹ ራቅ ራቅ እያለ ሄደ። ሶስና ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

በመጨረሻ አንድ የቤት ጫማ ታየ፤ ቀጥሎ የጥቁር ቀሚስ ጫፍ። «ያ ዋይሊ!»፣ ወዮልኝ፣ ብላ ማዳም ስትንበረከክ አየን። ባለቤቴ በዐረብኛ «በሩን! በሩን ክፈቺ!» አላት። ያቺ ከበሽታዋ ገና ያላገገመች አሮጊት፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው ዛሬም ይገርመኛል። ከዚያ ነጭ የለበሱ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ስልኩን አንስቶ በመነጽሩ ውስጥ አየንና ዘጋው።

እትዬ ብርቄ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ቆዩ። ማንም አልገባላቸውም። አንድ ማለዳ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። ብዙው ትንፋሽ ነው። በመካከሉ ግን እንደ አዳራሹ ጮክ ለማለት እየታገሉ «ሶስና… አይቻለሁ» ይላሉ። ሌላ የለውም። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማንም። መርዶውን የነገረችን ማዳማቸው ናት፤ በእትዬ ብርቄ ስልክ ደውላ ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ታለቅስ ነበር።

መንገድ ሲከፈት ማዳም ሹፌር ላከች። በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዞ «የስልኳ ልጅ የታለች?» አለ። ውስጡ ጥቁር ባጅ ነበር፤ ፊቱ ላይ የስልክ መነጋገሪያ በቀይ ክር ተጠልፏል፤ ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል «ሶስና» ይላል። ማዳም ታምማ በተኛችበት፣ እትዬ ብርቄ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው ሲጠልፉት ማየቷን በሹፌሩ በኩል ነገረችን። ፈተናው ገና ሳይደርስ ማለት ነው።

ልጄ ግን አልሰፋችውም። መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «አልዳኑም እኮ፣ ማሚ» አለችኝ። ምን ልበላት? ያን የድምፅ መልእክት ከፍቼ አሰማኋት። ሰማችና ወጥታ ሄደች። ሌላ ቀንም ሰማችው። እንዲያ እያለች ከረመች።

እትዬ ብርቄ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ትናንት ሶስና ሳልጠራት መጥታ «ያንቺ ስልኩ ነው ብለውኝ ነበር አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት። መርፌና ክር ስጪኝ አለች። ክሩን ራሷ አስገባች፤ ጣቷን ወጋት፤ አላለቀሰችም። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ጠማማነቱ ለጉድ ነው፤ አልነካሁትም። ዛሬ ሻርፗን አስራ ከጓደኞቿ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሁሉም እርስዎ የወደቁበትን ምንጣፍ እያዩ ነው፤ ልጆች ናቸውና አሁንም ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ፤ ምን ልደብቅዎት። ግን ደክመዋል፤ ሁለቱንም ዓይንዎን ጨፍነው ይረፉ። ልጆቹ የት አሉ ብለው እንዳይጨነቁ። ልጆቹ እዚህ አሉ፣ እትዬ።