ያገላበጥኳት ጎማ

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ አታውቅም፤ ነፍስ አባቴም አያውቁም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም አንድ በአንድ ስዘረዝር ይቺን ብቻ ስውጣት ኖሬአለሁ። አንባቢዬ፣ አንተ አታውቀኝም፤ ፊትህን ስለማላይ ካንተ ልጀምር። ፈሪ ነኝ፣ እሱንም ቀድሜ ልንገርህ።

ሰዓት ሠሪ ነኝ። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ባለመስታወት ሱቅ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያች ወንበር ላይ አጎንብሻለሁ። የሰፈሩ ሰው «የሱ እጅ የነካው ሰዓት አይቆምም» ይላል። ይህን መስማት እወዳለሁ። የጥፋቴ ሥርም ይኸው መውደዴ ሳይሆን አይቀርም።

ቢኒያም ከሱቄ ብዙ የማይርቀው የዊንጌት ሰፈር ልጅ ነው። ውሃ በጀሪካን ወረፋ ይዞ ሲቀዳ ያደገ የጉለሌ ልጅ፣ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄደና ከባሕር ጋር ፍቅር ያዘው። በዕረፍት ቀኑ ያለ አየር ጋን፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ እየጠለቀ ዓሣ በጦር የሚወጋ ሰው ሆነ። የወደቡን ሥራ ትቶ በዚሁ ሊኖር ያስብ ነበር። ስለ ባሕሩ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል።

አንዱን ዓመት በዓል ከእናቱ ጋር ሊውል ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ የጠላቂ ሰዓቶች ይዞ ሱቄ መጣ። አንዱ ቁጥር የሚያሳይ፣ ቀላል የፕላስቲክ ሰዓት ነው። ሌላዋ ባለዘንግ፣ ከባድ፣ ቆንጆ የብረት ሰዓት ናት።

«ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ? ትንፋሼን አምኜ የምሰጠው ሰዓት ነው የምፈልገው» አለኝ።

አጠቃቀሙንም አስረዳኝ። ከመጥለቁ በፊት በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን የሚሽከረከር ብረት አዙሮ ምልክቱን ከደቂቃ ዘንጉ ጋር ያገጥማል። ዘንጉ ሁለተኛዋ ጭረት ላይ፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ሳይደርስ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ከወጣ በኋላም ታች የቆየውን እጥፍ ሳያርፍ ተመልሶ አይጠልቅም። «እታች ሰውነት ይዋሻል ጋሼ። ገና ነኝ ይላል። የማይዋሸው ሰዓት ብቻ ነው» አለ።

ብረቷን መረጥኩለት። ለምን? ጨለም ባለ ውሃ ውስጥ ዘንጓ ይታያል አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቴ አልነበረም። የፕላስቲኩን ሰዓት ከፍቼ መግጠም አልችልበትም ነበር። ለሱ የሚበጀውን ሳይሆን እኔ የምችለውን መረጥኩለት። ባትሪ እንድቀይርላት ትቷት ሄደ።

የጀርባ ክዳኗን ስከፍት፣ ውሃ እንዳይገባ የምትከለክለው ቀጭን ጎማ ደርቃ ተለጥፋለች። በልኳ አዲስ ጎማ ቆርቆሮዬ ውስጥ ፈለግኩ፤ የለም። በእኛ ሙያ የሚጣል ዕቃ የለም። ጎማ ሲያረጅ አገላብጠን ቫዝሊን እንቀባና እንመልሳታለን። ለዝናብና ለእጅ መታጠቢያ ትበቃለች። እኔም አገላበጥኳት፣ ቀባኋት፣ መለስኳት። ፊቷ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ተጽፎባታል፤ ግን ያ ጽሑፍ ጎማዋ አዲስ ስትሆን ብቻ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ፒያሳ በውሃ ግፊት የሚፈትሽ መሣሪያ ያለው ሰዓት ሠሪ እንዳለ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እሱ ጋ ሄጄ «ፈትሽልኝ» ማለት ከበደኝ። ሰዓቷን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኳት። አረፋ አልወጣም። በቃ አልኩ።

በማግሥቱ ሲመጣ «በግፊት ሞከሯት ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሞክሬያታለሁ» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም። ዓይኑን እያየሁ፣ አስቤበት ነው የዋሸሁት።

ከወራት በኋላ ከስቶ፣ ጠቁሮ ተመለሰ። የሆነውን ቀስ ብሎ ነገረኝ። ባሕሩ ሥር፣ ድንጋይ ተደግፎ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ እስኪጠጋው ይጠብቃል። ሰዓቷን ሲያይ ዘንጉ ገና ነው። ደግሞ አየ፤ ገና ነው። ጠበቀ። ሰዓቷ ግን ውሃ ገብቶባት ቆማ ነበር። ወደ ላይ ሲነሳ ዓይኑ ጨለመበት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም። ላይ ሆኖ ይጠብቀው የነበረው ጓደኛው ዓሊ በፀጉሩ ጎትቶ አወጣው። ሆስፒታል ተኝቶ ነው የዳነው።

ሰዓቷን መስታወቴ ላይ አስቀመጠና «ምን ሆና ነው?» አለኝ። አልከሰሰኝም። ጀርባዬን ሰጥቼው ከፈትኳት። ውስጧ ነጭ ጨው ይዟል። ያገላበጥኳት ጎማ ባንድ በኩል ከቦታዋ ወጥታ ክዳኑ ነክሷታል። በወረንጦ ይዤ አየኋት። ማንም ሰዓት ሠሪ ያያት እንደሆን የማን ሥራ እንደሆነች ይነግርሃል።

ከኋላዬ «እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?» አለ።

አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ጥፋቴ ስንፍናና ኩራት ነበር እንበል። ይህኛውን ምን ትለዋለህ? «የጎኗን መዞሪያ ውሃ ውስጥ ነክተኸዋል?» አልኩት። «እ... ሳላውቀው ነክቼው ይሆናል» አለ። «በቃ፣ እሱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከተነካ ያስገባል» አልኩት። አመነኝ። ከሞት የተረፈ ልጅ፣ ሊገድለው የነበረውን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ጎማዋን በክብሪት ሳጥን ከትቼ መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኳት።

ወደ ባሕር አልተመለሰም። አሁን ዊንጌት ለተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። ሥራ ነው፣ አይናቅም። ግን ሱቁን ቆልፎ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ቁልፉን ይነካል። ደግሞ ይመለሳል። በዓይኔ አይቻለሁ። መንጃ ፈቃድ አውጣ ሲሉት «እኔ እጄን አላምነውም» ይላል፣ እየሳቀ። ባሕር ውስጥ ያጣው ትንፋሽ ተመልሶለታል። በገዛ እጁ ላይ የነበረውን እምነት የወሰድኩበት ግን እኔ ነኝ፣ እዚያች ወንበር ላይ፣ በአንድ አረፍተ ነገር። መጥፎ ሰዓት ሠሪ ገጠመኝ ብሎ መኖር ይችል ነበር። እኔ ግን ራሱን እንዲጠረጥር አደረግኩት። ስሜን ለማዳን ስል አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጣ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እሑድ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሳል። የክርስትና አባቱ እንድሆን ለመነኝ። «ከውሃው ሲወጣ እርስዎ ይቀበሉት ጋሼ። እኔ እቤትም አላቅፈውም፣ እጄን እፈራለሁ። የእርስዎ እጅ ጠንቃቃ ነው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ምን ልበል? እሺ ካልኩ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ነፍስ አባቴ ጋ ብሄድ ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ልጁን ግን አባቱ አያቅፈውም። ስለዚህ ነገ መጀመሪያ የምሄደው ዊንጌት ነው። የክብሪት ሳጥኗን ከደብተሮቹ ላይ አስቀምጬ እከፍትለታለሁ። ምናልባት ያባርረኛል። ያባርረኝ። ዕድሜዬ ነው፣ ችግር ነው፣ ሁላችንም የምንሠራው እንዲህ ነው አልልም። ይቅር በለኝ ለማለትም አፌን ቀድሜ አልከፍትም፤ ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት የምመልስለት ነገር አለ።

ቢኒያም፣ መዞሪያዋን አልነካህም። እጅህ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው የኔ እጅ ነው። ልጅህን እቀፈው።