መሳቢያ ውስጥ የቀረው ፎቶ

ቂመኛ ነኝ። ሰው ሲያማኝ ከምትሰሙ ከራሴው አፍ ስሙት። የአዳሪ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ቆየሁ። ልጃገረዶቹ ቶሎ እንደምቆጣ፣ ቶሎም እንደሚበርድልኝ ያውቃሉ። በአንዲት ሴት ላይ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልበረደልኝም።

እኔም በዚሁ ግቢ አዳሪ ነበርሁ፤ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር። ቤተሰቦቼ ዘጌ ነበሩ፤ አባቴ መሪጌታ ናቸው። ደንቡ ያኔም እንደ ዛሬው ነው። እያንዳንዷ ልጅ ካርድ አላት፤ ካርዱ ላይ የሁለት ሰው ፎቶ ይለጠፋል። ልጅቷን ከግቢ ይዞ መውጣት የሚችለው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። ደንቡን አልጠላውም፤ "አጎቷ ነኝ" ብሎ የሰው ልጅ ይዞ የሚሄድ ስንት ጉድ አለ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ በጠና ታመመች። ካርዴ ላይ ያሉት እሷና አባቴ ናቸው። አባቴ ከአጠገቧ መራቅ ስላልቻሉ አጎቴን ላኩት። በጀልባ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ከዶርማችን መስኮት አየሁት። የያኔዋ ፕሮክተር ካርዴን አወጣች፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጋ ፊቱን አየችና "ፎቶ የሌለው ሰው ለእኔ መንገደኛ ነው" አለችው። ለመናት። እግሯ ላይ ተደፋ። ጀርባዋን ሰጥታው ገባች። እኔን "እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ አርፈሽ አጥኚ" አለችኝ። ጀልባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ፤ አጎቴም ብቻውን ሄደ።

እናቴ በማግስቱ ሞተች። አባቴ ራሳቸው መጥተው ወሰዱኝ፤ የደረስሁት ለሰልስቷ ነው። "እስከ መጨረሻው ስትጠራሽ ነበር" አሉኝ ጎረቤቶቻችን። ያጽናኑኝ መስሏቸው ነበር።

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በምዝገባ ቀን፣ ያቺው ሴትዮ ቢሮዬ ገባች። አርጅታለች፤ ከዘራ ይዛለች። ገና አንገቷን ጣል አድርጋ ስታየኝ አወቅኋት። እሷ አላወቀችኝም። የመጣችው ከልጇ ጋር የልጅ ልጇን ለማስገባት ነው። ቤታቸው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቤቷ አጥር ለአጥር ቢሆንም የተመዘገበች ሁሉ አዳሪ ናት። የልጅቷ አባት በሕይወት የለም። ካርዱ ላይ የእናትየውን ፎቶ ለጠፍሁ። አያትየው ፎቶ ስላልያዘች "በሳምንቱ እንልካለን" አሉኝ። ወንበር አቀረብሁላት፣ እርስዎ እያልሁ ሸኘኋት። በሆዴ ግን ሌላ ነገር ነው የምላት፤ እዚህ አይጻፍም።

በሳምንቱ ልጅቷ መጣች። አያቷን እማማ ነው የምትላት። "እትዬ፣ የእማማን ፎቶ አምጥቻለሁ" ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሙጫው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። "ጎሽ፣ እለጥፈዋለሁ" አልኋትና ስትወጣ መሳቢያዬ ውስጥ ወርውሬ ቆለፍሁበት። አንድ ቀን ብቻሽን ትመጫለሽ፤ ያን ጊዜ እንተያያለን አልኋት አያትየውን በሆዴ። በየቅዳሜው እናትየው ራሷ እየመጣች ስትወስዳት እበሳጭ ነበር። ይኸው እንዲህ ያለሁ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አያትየው ብቻዋን መጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ የመጣችበት ባጃጅ ጥሏት ሄዷል። "ልጄ ድንገት ታማ ሆስፒታል ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹም አልነገሩኝ። ሳልገባ ልጄን አሳዩኝ ትላለች። ነይ ልጄ፣ ቶሎ ጥሪልኝ" አለችኝ። አምስት ሰዓት አልፏል።

ካርዱን አወጣሁ፤ ቀስ ብዬ ነው ያወጣሁት። "የእርስዎ ፎቶ የለም" አልኋት።

"ልከን የለም እንዴ?"

"ይኸው ይዩት፣ ባዶ ነው። ፎቶ የሌለው ሰው ለእኔ መንገደኛ ነው።"

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የራሷን ቃል ነው የመለስሁላት፤ ስትደነግጥ ለማየት ፈልጌ ዓይኗን ትክ ብዬ አየሁት። እሷ ግን አልደነገጠችም።

"ልክ ነሽ፣ ደንብ ነው። እኔም እዚሁ እሠራ ነበር" አለችኝ። "እንግዲያው አንቺው ይዘሻት ሂጂ። ፕሮክተሯ ራሷ አጅባ መውሰድ ትችላለች፤ እሱም ደንቡ ላይ አለ።"

መኖሩንስ አውቃለሁ። ስንቷን ልጅ ራሴ አጅቤ ለቅሶ አድርሻለሁ! ያኔ ግን ያልነበረ፣ በኋላ የተጨመረ ይመስለኝ ነበር።

"በእርስዎ ጊዜም ነበር?"

"ከድሮም ያለ ነው።"

"ታዲያ ያቺን የዘጌ ልጅ ለምን አልወሰዷትም? የመሪጌታውን ልጅ? አጎቷ እግርዎ ላይ ተደፍቶ የለመነዎትን?"

አንገቷን ጣል አድርጋ አየችኝ። ልታስታውስ ከልቧ ሞከረች። "የትኛዋን?" አለች።

የትኛዋን! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሜያት ስዞር እሷ ዘንድ ስሜ እንኳ የለም። ወጥቼ ልጅቷን ከክፍል አስጠራሁ፤ በር ላይ ባጃጅ አስቆምሁና አስገባኋት። ሴትዮዋ ከዘራዋን አስቀድማ ልትሳፈር ስትል ቦርሳዬን መቀመጫው ላይ አጋደምሁት።

"ደንቡ ስለ ልጅቷ ነው የሚለው፤ ስለ እርስዎ አይልም። ሌላ ይያዙ" አልሁና ሾፌሩን ንዳው አልሁት። ቦታ ነበረ። ለሦስት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበረ።

"እማማስ?" አለች ልጅቷ ወደ ኋላ እየዞረች።

"ትከተለናለች" አልኋት።

ደረስን። እናትየውን በአልጋ እየገፉ ሲያወጧት ኮሪደሩ ላይ አገኘናት። ልጅቷ ሮጣ እጇን ያዘች። "መጣሽ?" አለቻት እናቷ። "መጣሁ፣ እማ" አለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ። እናቴ ያን ጊዜ ስትጠራኝ ልመልስላት የሚገባኝ ይህችኑ አንዲት ቃል ነበር። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ እያለከለከች መጣች። "ገባች?"

"ገብታለች።"

"ልጇን አየቻት?"

"አይታታለች። ልጅቷ ደርሳለች፤ የዘገዩት እርስዎ ነዎት" አልኋት።

ከዘራዋ ከእጇ ወደቀ፤ እሷም እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና "ልጄን ሳላያት" እያለች ጉልበቷን ትመታ ጀመር። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ልጅቷ አያቷን ደግፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችላት። አያቷም "ፎቶሽ ካርዱ ላይ የለም ተብዬ ነው የዘገየሁ" አለቻት። ከዚያ አያቷ በማትሰማበት ወደ እኔ ጠጋ አለች። አላለቀሰችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገች።

"እትዬ፣ የእማማን ፎቶ እኮ ሰጥቼዎት ነበር" አለችኝ።



ተመስገን፣ እናትየው በሰላም ወጣች። እኔም የዚያኑ ዕለት መሳቢያዬን ከፍቼ ፎቶውን ለጠፍሁት። ሴትዮዋ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ትመጣለች፤ የልጅ ልጇን ስላደረስሁላት ትመርቀኛለች። የትኛዋ እንደሆንሁ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፣ ይቅርም አላልኋት። ልጅቷ ግን ነገሩን ለማንም ሳታወራ እስከ አሁን ይዛዋለች። በቢሮዬ ደጃፍ ስታልፍ በአክብሮት እጅ ነሥታ ቀና ትልና አንዴ ታየኛለች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ በዶርሙ መስኮት ሆኜ ያቺን ሴትዮ ያየሁበት ነው። ስንት ዓመት እንደሚቆይም አውቃለሁ።